በገዛ እጁ የበላው ሰው

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!»

እትዬ ሸዋረገድ የጠቀለለችው ጉርሻ የይሁን ከንፈር ጋ ደርሶ ቆሟል። ወጡ ወደ እጅ አንጓዋ መውረድ ጀምሯል። ክፍል ሙሉ ሰው አፉን ያያል። ይሁን ግን አፉን አልከፈተም።

«ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም እኮ» አለች ቤርሳቤህ፣ በሩ ሥር እንደተቀመጠች። «ሬሳ ሸኚው ራሱ ሬሳ ሲሆን ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?»

«ተዪው እህቴ» አላት የጸሎት ኅብረቱ ሽማግሌ ወንድም ጌታሁን። «ሲያጎርስ የኖረ ሰው መጉረስ ይከብደዋል። አምስት ወር ሙሉ ጋሽ ወልደማርያምን በእጁ ያበላ ልጅ ነው። በዚህ አገር ወንድም ለወንድሙ ያላደረገውን ነው ያደረገው።»

«ተባረክ!» አሉ ሁለት ሦስት ድምፆች ባንድነት።

ይሁን ጉርሻውን በመዳፉ ተቀበለና ትሪው ዳር አኖረው። ጉርሻ መመለስ ነውር ነው። ሰዉ ግን ለሐዘን ቆጠረለት። ሰው አንዴ ደግ ነው ካለህ ነውርህንም ደግ ያደርግልሃል።

የጋሽ ወልደማርያም ለቅሶ ሁለተኛ ቀን ነበር። ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ በሚባለው የዓረብ አገር ሰፈር ውስጥ ባለችው የአምስት ወንዶች ክፍል ተደራራቢዎቹ አልጋዎች ወደ ኮሪደር ወጥተው ወለሉ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል። ጥግ ላይ ሁለት የሻይ ቴርሞስ፣ አንድ ካርቶን ውሃ፣ አንድ ሳህን ተምር። ሰው ከሥራ ሲወጣ ይመጣል፣ ሹግሉ፣ የሥራ ተራው፣ ሲደርስ ይነሳል። አል ዱሃይል በሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ማዳሞቻቸው የፈቀዱላቸውን ሁለት ሰዓት ይዘው ይገቡና ሰዓታቸውን ሰረቅ አድርገው እያዩ ያለቅሳሉ። አስከሬኑ ገና ሆስፒታል ነው። ወረቀቱ አልቆ በማግስቱ ማታ ወደ አገር ይጫናል ተብሏል። መቂ ላይ የሟች ልጅ ብርክቲ ትጠብቃለች።

የብርክቲ የድምፅ መልእክት ትሪው ሳይነሳ ደረሰ። እትዬ ሸዋረገድ የሟች እኅት ናት፣ አክስቷ። ስልክ ጆሮዋ ላይ መለጠፍ አትወድም፤ ከፍታ ለሁሉም አሰማችው።

«አክስቴ፣ ሁሉም ሰው እግዚአብሔር ያጽናሽ ይለኛል። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባቴ ለሰርጌ ያልመጣው ለምንድን ነው? ሁለት ጊዜ ቀን አስለወጠኝ። ሁለት ጊዜ! በመጨረሻ እኔን አትጠብቂ፣ አግቢ አለኝ። ባባው፣ አሠሪው፣ ሂድ ብሎታል አሉ። እግሩ ደህና ነበር፣ አንደበቱ ደህና ነበር። ታዲያ ምን አድርጌው ነው? ከነገ ወዲያ ሳጥን ልቀበል ነው እኮ አክስቴ። ምን ብዬ ነው የማለቅሰው?»

ኤሲው ብቻውን ተንኳኳ።

«ታሞ ነው እንጂ» አለች ቤርሳቤህ ቀስ ብላ።

«መታመሙንማ ታውቃለች። እንደታመመ ይምጣልኝ ነው ያለችው።» እትዬ ሸዋረገድ ወደ ይሁን ዞረች። «አንተ አንድ ቀን አልተለየኸውም። የነገረህ ነገር የለም?»

ነበረ።

«የለም እትዬ» አለ ይሁን።

ጋሽ ወልደማርያም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንድ ቤት ሹፌር ነበሩ። ጥቂት ነው የሚናገሩት። ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይተኩሳሉ። ሻይ የጠጡበትን ብርጭቆ ሌላ ሰው ሊያጥብ ሲያነሳ ከእጁ ይቀበላሉ። ይሁንን ከመቂ ያስመጡት እሳቸው ናቸው፤ የጎረቤት ልጅ ነው። ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ያስጨረሱለት፣ ፐርል በሚባለው ሰፈር የጥበቃ ሥራ ያስገቡት፣ በክፍላቸው አልጋ የሰጡት እሳቸው ናቸው። አውሮፕላን ጣቢያ የተቀበሉት ቀን መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው ነድተው ሲያበቁ፣ «እዚህ አገር ሰው እንዲሸከምህ አትፍቀድ» አሉት። ሌላ ምክር አልሰጡትም።

አንድ ቀን መኪና ሊያቆሙ ሲያዞሩ ቀኝ እጃቸው ከመሪው ላይ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። እግራቸው በሁለት ወር ተመለሰ። ምላሳቸው ትንሽ ይጎተት እንጂ ተመለሰ። እጃቸው ግን እንቢ አለ። ያን ጊዜ ሆስፒታሉ ወደ ኡሳማ ላካቸው።

ኡሳማ ዮርዳኖሳዊ ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው። ሥራው ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ስሙ ያስቸገራቸው የክፍሉ ወንዶች «የእጅ ትምህርት» አሉት። ይሁን መጀመሪያ ይዟቸው የሄደ ቀን ግራ ገባው። መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ። ጠረጴዛው ላይ እጀታው በስፖንጅ የተጠቀለለ ማንኪያ፣ ቁልፍ ከነጓጉንቸሩ፣ አዝራር የተሰፋበት ጨርቅ፣ እንደ ሊጥ የሚታሽ አረንጓዴ ነገር ተደርድሯል። የሕፃን መጫወቻ መሰለው።

ኡሳማ እጃቸውን ከመንካቱ በፊት የብርክቲ አባት ብሎ ጠርቶ ጠየቃቸው። «አቡ ብርክቲ፣ ምን ማድረግ ነው የናፈቀህ?»

ጋሽ ወልደማርያም ማንኪያውን በግራ እጃቸው ገፋ አደረጉት። «መብላት» አሉ።

«አትበላም እንዴ?»

«በእጄ መብላት።» ቀኝ እጃቸውን አሳዩት። «ልጄ ልታገባ ነው። ሰርጉ ላይ ከአማቾቼ ጋር አንድ ትሪ እቀርባለሁ። እዚያ ሰው እያበላኝ አልቀመጥም። በገዛ እጄ የበላሁ ዕለት ቲኬት እቆርጣለሁ።»

ሳቂታው ሰው አልሳቀም። «ኸላስ፣ ሥራችን ይኸው ነው» አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይሁንን እንጀራ አስመጣው። ራሱ በሦስት ጣት ሊቆርስ ሞክሮ ወጡን ካናቴራው ላይ አፈሰሰ። «ያ ሰላም! ይሄ ከአዝራር ይብሳል» አለና ሥራውን በትኖ አሳያቸው። መቁረስ ለብቻ፣ መጠቅለል ለብቻ፣ ማንሳት ለብቻ። አንድ ሳምንት መቁረስ ብቻ።

ከዚያ ይሁንን ወደ ዳር ወሰደው። «አኺ፣ ወንድሜ፣ የቤቱ ሥራ ያንተ ነው። ምግብ ሲቀርብ እጅህን አትዘርጋ። ይፍሰስ። አንድ ሰዓት ይፍጅ። እጁ ካልሠራ አንጎሉ መንገዱን አያገኘውም። ከሱ ይልቅ ላንተ ነው የሚከብድህ።» ሰባት ሰባት ሳጥን የተሰመረበት ወረቀትም ሰጠው፤ በገዛ እጃቸው በበሉበት ቀን ሳጥን ላይ ራይት እንዲያደርግ።

የሸሚዙ ትምህርት ቶሎ ገባ። ሲለብሱ የታመመው እጅ ይቀድማል፣ ሲያወልቁ ይዘገያል። ጋሽ ወልደማርያም ሰው ሳይነሳ ስለሚለማመዱ የሚረዳቸው አልነበረም። በአሥራ አንደኛው ቀን አዝራሩን ሁሉ ዘግተው፣ ደረጃውን ብቻቸውን ወርደው፣ ከሕንፃው ሥር ካለው ከረክ የሚሉት የወተት ሻይ ቤት በር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሲሉ ዋሉ። ሲመለሱ ያፏጩ ነበር። ይሁን አብሯቸው ሲኖር ሲያፏጩ ሰምቷቸው አያውቅም።

ያን ቀን ያየ ሰው እጁን መሰብሰብ ነበረበት።

«ወንድም ይሁን» አለው ጌታሁን፣ የለቅሶው ክፍል ሰዉ ሲቀል፣ ሻይ እየቀዳለት። «ነገ ከሽኝቱ በፊት ምስክርነት አለን። አንተ ትቆማለህ።»

«እኔ መናገር አልችልበትም።»

«ምን ንግግር ያስፈልገዋል? ያደረግከውን ንገረን። ወጣቶቹ ይስሙ። እዚህ አገር ሁሉም ለራሱ በሚሮጥበት ...»

«ወንድም ጌታሁን፣ ተወኝ።»

«ትሕትናህን አውቃለሁ» አለ ጌታሁን፣ ትከሻውን መታ አደረገና ተነሳ።

ይሁን ሻዩን ሳይጠጣው ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ትሕትና! ያደረገውን ለራሱ ቆጠረው። ሌላ የሚቆጥርለት አልነበረም።

መጀመሪያ ያሸነፈው ወደ ሥራ የሚወስደው ቫን ነው። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከታች ጡሩምባውን ይነፋል፤ የዘገየውን ሱፐርቫይዘሩ ይመዘግበዋል። ጋሽ ወልደማርያም አንድ ቁራሽ ከትሪው አንስተው አፋቸው ጋ እስኪያደርሱ ሁለት ጊዜ ይወድቅባቸዋል። ጭናቸው ላይ ያረፈውን ለቅመው እንደገና ይጀምራሉ። አይቸኩሉም። ይሁን ግን ጡሩምባውን ይሰማል። አንድ ቀን ቆርሶ አጎረሳቸው። «ዛሬን ብቻ ጋሼ» አለ። የዕለቱን ሳጥን ባዶ መተው ደበረውና ራይት አደረገበት።

ቫኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማታ ማታ ጊዜ ነበረው። የባሰው ዓርብ መጣ። ኅብረቱ በሽተኛ ሊጠይቅ ክፍሉን ሞላው፤ ትሪ ቀረበ። ጋሽ ወልደማርያም በሰው መሀል እጃቸውን ዘረጉ። ቆረሱ። ጠቀለሉ። ሲያነሱ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ወጡ አጠገባቸው በተቀመጠው ሰው ነጭ ሱሪ ላይ ተረጨ። ሰውየው «ምንም አይደል ጋሼ፣ ምንም አይደል» አለ፤ ሁሉም ግን አቀረቀረ። እሳቸው አላቀረቀሩም። እንደገና እጃቸውን ሰደዱ። ያፈረው ይሁን ነው። ፊቱ ጋለ። የኡሳማን ቃል ረስቶ ፈጥኖ ጠቀለለና ከእጃቸው ቀድሞ አፋቸው ጋ አደረሰ።

እሳቸው ጉርሻውን አዩ። ይሁንን አዩ። ሰው እያየ የቀረበ ጉርሻ አይመለስም፤ አፋቸውን ከፈቱ።

«ተባረክ!» አለች አንዲት ሴት። «እዩት፣ እንደ እናት!»

በሃያ ሰባት ዓመቱ ይሁንን በሰው ፊት ያመሰገነው አልነበረም። ቃሉ እንደ ሞቀ ነገር ሆዱ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሰው በመጣ ቁጥር አጎረሰ። ሰው ባይኖርም አጎረሰ፤ ነገ ሰው ይመጣል ብሎ። ወረቀቱን እሑድ እሑድ ባንድ ቁጭታ ይሞላዋል፣ ሰባት ራይት።

ከወራት በኋላ ጋሽ ወልደማርያም ወረቀቱን አልጋው ላይ አገኙት። መነጽራቸውን በግራ እጃቸው አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ይሁን።»

«አቤት ጋሼ።»

«እዚህ ላይ በገዛ እጁ የበላው ሰውዬ ማን ነው?»

ይሁን ሳቀ። ሌላ ምን ያድርግ? «ከነገ ጀምሮ እንጠነክራለን ጋሼ።»

«ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር» አሉ፤ ወረቀቱንም እንደነበረ አጥፈው መለሱለት።

በማግስቱ ትሪው ሲቀርብ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ይሁን ጠቀለለ። አፋቸውን ከፈቱ።

ኡሳማ ግራ ገባው። ወረቀቱ ቤታቸው በየቀኑ ይበላሉ ይላል፤ እሱ ፊት ግን ማንኪያ መያዝ አልቻሉም። «አቡ ብርክቲ፣ ምን እየሆነ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ይሁን አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ጋሽ ወልደማርያም ወደ እሱ አላዩም። «ሰነፍ ነኝ ዶክተር» አሉ። ኡሳማ ለሌላ በሽተኛ ቦታውን ሰጠ። ሰርጉም መቂ ላይ ያለ እሳቸው ተደረገ። በቪዲዮ ሲያዩት ብርክቲ «አባዬ በላህ?» አለቻቸው። «በላሁ» አሉ።

የሞቱት በልብ ነው። ሐኪሞቹ ከእጅ ጋር አይገናኝም ብለዋል። ይሁን ይህን ሲሰማ እፎይ ብሎ ተንፍሷል። ያንንም ትንፋሽ ያፍርበታል።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሰዉ እስከ ደረጃው ሞላ። መዝሙር አልቆ ጌታሁን መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ «አሁን ወንድማችን ይሁን ...» ሲል በሩ አካባቢ ሰው ተንቀሳቀሰና መንገድ ለቀቀ። ኡሳማ ገባ። ጫማውን አውልቆ፣ ካርቶን ጭማቂ ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኗል።

«አላህ ያጽናችሁ» አለ በአረብኛ። እትዬ ሸዋረገድ የሟች እኅት መሆኗን ሲነግሩት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። ከዚያ በዚያ ግዙፍ ገላው ከይሁን አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ ሞከረ፤ አልቻለበትም።

«ይቅርታ፣ ጊዜው አይደለም። ግን አንተን ሌላ ቦታ አላገኝህም። በአቡ ብርክቲ አጥፍቻለሁ። ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። ሁሉም ቀን ተሠርቷል። እጁ ሕይወት ነበረው፣ በዳበስኩት ቁጥር አውቀው ነበር። መመለስ ነበረበት። የሳትኩት ነገር አለ። አሁን እንደሱ ያለ ሌላ ሰው ይዣለሁ፤ በሱም እንዳልደግመው እፈራለሁ። ምን ሳትኩ? ቤት ውስጥ ያየኸው ነገር ካለ ንገረኝ።»

ይሁን ቀና አለ። ጌታሁን መጽሐፉን እንደገለጠ ቆሞ ይጠብቀዋል። እትዬ ሸዋረገድ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ተቀምጣለች፤ አረብኛ እንደ አማርኛ ነው የምትሰማው። በአማርኛ ተነስቶ መመስገን፣ አለዚያ በአረብኛ ተቀምጦ መናገር። ሌላ መንገድ አልነበረውም።

«አልሳትክም» አለ። «አልበሉም።»

«ምን ማለት ነው?»

«በእጃቸው አልበሉም። አጎርሳቸው ነበር። ራይቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም። ውሸት ነው።»

አረብኛ የሚያውቁት ቀና አሉ። የማያውቁት የሚያውቁትን ጎሸም አደረጉ። «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች ቤርሳቤህ።

«ለምን?» አለ ኡሳማ።

«መጀመሪያ ቫኑ ... ሥራ ይረፍድብኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

ይሁን ትሪው ይቀርብበት የነበረውን ምንጣፍ አየ። «ሰው ያየኝ ነበር» አለ። «ደስ ይለኝ ነበር።»

ኡሳማ ሁለት መዳፉን ፊቱ ላይ አሳረፈ። ሲያነሳቸው የተቆጣ አይመስልም፤ የደከመ ነው የሚመስለው። «ብትነግረኝ ኖሮ» አለ። «አንድ ጊዜ ይበቃው ነበር አኺ። በቀን አንድ ጊዜ። እራቱን ብቻ።»

ተነሳ። እትዬ ሸዋረገድን ደግሞ እጅ ነሳ። ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ጌታሁን መዝሙር ሊያስጀምር አፉን ከፍቶ ተወው። መጽሐፉን ዘጋና ከሰዉ መሀል ተቀመጠ።

«ስለዚህ ነው ያልሄደው?» አለች እትዬ ሸዋረገድ። በአማርኛ ነው፤ ሁሉም ሰማ።

«አዎ እትዬ። በገዛ እጄ የበላሁ ዕለት ቲኬት እቆርጣለሁ ብለው ነበር። በአማቾቻቸው ፊት ሰው እንዲያጎርሳቸው አልፈለጉም።»

«ያንተን ማታለል ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«ዝም አለህ?»

«ዝም አሉኝ።»

እትዬ ሸዋረገድ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ክፍሉ እርግማን ጠበቀ። ይሁንም ጠበቀ፤ ቢረገም ይቀለው ነበር። አልረገመችውም። አላጽናናችውምም። ቤርሳቤህ «ኧረ እትዬ፣ ልጁ ለክፋት አላደረገውም ...» ብላ ስትጀምር እጇን አንስታ አስቆመቻት።

«አባቴ ጠላኝ ብላ ነው ልጅቱ የምታለቅሰው» አለች። «ሳጥኑ ሳይደርስ ትስማው። ከኔ አፍ ግን አይሆንም።»

ስልኳን ከፍታ፣ የብርክቲን ስም አውጥታ፣ ምንጣፉ ላይ ገፋ አድርጋ ሰጠችው።

ይሁን ስልኩን ይዞ ወደ ደረጃው ወጣ። እዚያ ቆመው የነበሩት ሰዎች ወደ ግድግዳው ተጠግተው አሳለፉት። ተባረክ ያለው የለም። አንድ ፎቅ ወርዶ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠና አውራ ጣቱን የድምፅ ምልክቱ ላይ ተጭኖ ያዘ።

«ብርክቲ፣ ይሁን ነኝ» አለ። «አባትሽ ሊመጡ ነበር። ይለማመዱ ነበር። ሰው ሳይነሳ ተነስተው ... ለሰርግሽ ነው። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ደረጃው ላይ ሲወርድ በልቡ አዘጋጅቶት ነበር። አልመጣም። ስክሪኑ ላይ ሰከንዱ እየቆጠረ ሄደ፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ። ጣቱን ቢያነሳ እንዴት እንዳስቀራቸው ሳይናገር መልእክቱ እንዲሁ ይሄዳል። ከላይ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፣ ሰዎች በጎኑ ወረዱ። እሱ ትንፋሹን ብቻ እያስቀዳ ተቀመጠ። ጥፍሩ ሥር ያለው ደም ሸሽቶ ጣቱ ነጣ። አላነሳውም።